ለካቺሲው አጥቂ የገባሁት ቃል

አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ሆኜ ስቀጠር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ ጠራኝና «ከሰዓት በኋላ ኮችን ታግዛለህ» አለኝ። በዚህ መንገድ የእግር ኳስ ቡድኑ ረዳት አሰልጣኝ ሆንኩ። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝ ግን ሳያስጨርሰው እሺ እለው ነበር።

ኮች የምንላቸው ዋናው አሰልጣኝ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው፣ አጠር ወፈር ያሉ፣ ግራ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለአንድ ፋብሪካ ቡድን በተከላካይነት ተጫውተዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ፊሽካው አንገታቸው ላይ ቢንጠለጠልም እምብዛም አይነፉትም። ልምምድ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ ሁለት ጊዜ ያጨበጭቡና ሁሉም እስኪቆም ይጠብቃሉ። ከዚያ ኳሱን ያበላሸውን ትተው አጠገቡ የነበረውን ልጅ «አንተ የት ነበርክ?» ብለው ይጠይቁታል። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ግራ ይገባኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ግን በእኛ ቡድን ውስጥ አንዱ ሌላው ላይ አይጮህም ነበር፤ ሌላው ሲሳሳት ጥያቄው ወደ ራሱ እንደሚመጣ እያንዳንዱ ያውቃላ።

ኮሌጅ እንደ ክለብ ተጫዋች አያስፈርምም። ሆኖም ወደ ስፖርት ክፍል የሚገባ ተማሪ የተግባር ፈተና ስለሚፈተን፣ ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት በየከተማው ዞረን ጥሩ የሚጫወቱትን ልጆች «መጥታችሁ ተመዝገቡ» ማለት እንችል ነበር። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ አንዳንዴም እስከ ካቺሲ ድረስ እንሄዳለን።

ከኮች ጋር መጀመሪያ የሄድኩት ጊንጪ ነው። ጨዋታው በገበያ ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጭልሞ ጫካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነበር። እኔ አዲስ ደብተርና የሩጫ ሰዓት ይዣለሁ። ማን ይፈጥናል፣ ማን ያገባል፣ ማን ሁለቱንም እግሩን ይጠቀማል እያልኩ እጽፋለሁ። ኮች ከግቡ ጀርባ ቆመው ምንም አይጽፉም። ከዕረፍት በፊት ሁለት ግብ ያገባውን ልጅ ሳሳያቸው «አየሁት» ብቻ አሉኝ። ጨዋታው ሲያልቅ የጠየቁት ስለ ቀኝ ተከላካዩ ነበር።

«ኮች፣ እሱ እኮ ሦስት ጊዜ ኳስ ተነጥቋል» አልኳቸው።

«አዎ። ሦስቱንም ጊዜ ሮጦ መልሶ ቀምቷል። አልጻፍከውም?»

አልጻፍኩትም ነበር።

የተከላካዩ እናት ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ኮች አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በኦሮምኛ ሰላምታውን በደንብ ተለዋወጡ፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ተጠያየቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጅሽ ደህና ይጫወታል። እኛ ጋ መጥቶ ከተማረ መምህር ይሆናል። በቡድኑ ውስጥ ይጫወታል ወይስ አይጫወትም የሚለውን ግን አላውቅም። ገና አብረን አልሠራንም።»

ሴትዮዋ ጨርቁን ማጣጠፍ አቆሙ። «ካላወቁ ታዲያ ለምን መጡ?»

«ይህንኑ ልነግርሽ» አሉ ኮች።

ሴትዮዋ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አላስችል ብሎኝ ተናገርኩ። ሌሎቹ ኮሌጆች የሌላቸውን ሁሉ ቃል እየገቡ ልጅ ይወስዳሉ፤ እኛ እንዲህ እየተናገርን ማን ይመጣል አልኳቸው።

«ቃል ሰጥተህ ያመጣኸው ልጅ ሜዳ ውስጥ ሲገባ ኳሱን አያይም» አሉኝ ኮች። «አንተን ነው የሚያየው።»

የሽማግሌ ንግግር ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ዓመት የኮች ጉልበት ባሰበትና ረጅሙን የካቺሲ መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ጎጆ ከተማ ላይ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ከፊታችን ድንች የጫነው አይሱዙ አልታይ ብሎ ሾፌራችን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ካቺሲ ስደርስ ግን ፀሐይ ወጥቶ ሜዳው እየደረቀ ነበር። ያን ቀን ያየሁትን አጥቂ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቁመቱ ረዥም ነው፤ ሲሮጥ የሚቸኩል አይመስልም። ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ደረቱ ላይ ሲያርፍ እንደ ጨርቅ እግሩ ሥር ይወድቃል። ከማዕዘን የተሻማለትን ሁለት ጊዜ በጭንቅላቱ አገባ። ደብተሬን ዘግቼ ተመልካች ሆንኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ ፈልጌ ሄድኩ። አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቀምጧል። ሰውየው ከሌላ ዞን ኮሌጅ የመጣ አሰልጣኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ታኬታ አለ። ልጁ አንዱን እግር አውጥቶ የሶሉን ጥርሶች በጣቱ እየነካካ ነበር።

እዚያው ብቆም ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም። በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ሄድኩ።

አባትየው ከከተማው ጫፍ የሚኖሩ ጤፍ አራሽ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። ቀጥ ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት የሚያስቡ ሰው። እርጎ አቀረቡልኝ፤ ከመጠጣቴ በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ያኛው ሰውዬ ልጅህ ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል ብሎኛል። እናንተ ጋስ፣ መምህር?»

ኮች ቢሆኑ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ቃል በቃል አውቃለሁ። ግን ያ ኳስ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ይታየኛል፤ ታኬታውም ይታየኛል።

«እኛ ጋ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ይሰለፋል» አልኩ። «ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ የእሱ ነው።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

አባትየው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው «ጋሪ» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። በማግስቱ ልጁ ታኬታውን ለሰውየው መለሰለት። አምቦ ስገባ ኮች «ምን አልካቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «እንደ ሁልጊዜው» አልኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን ሲጠራ ጊዜ አይወስድም።

ልጁ መጣ፣ ተፈተነ፣ አለፈ። ልምምድ ስንጀምር ግን እኔ ካቺሲ ላይ ያላየሁት ነገር መታየት ጀመረ። አገሩ ሳለ ሁሉም ኳስ ለእሱ ነበር የሚሰጠው፤ ስለዚህ ኳስ ፍለጋ መሄድ አያውቅም። ኳሱ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። በእሱ ቦታ አንድ የጉደር ልጅ ነበረን፤ አጭር፣ ከኳስ ጋር ብዙም የማይዋደድ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። እሱ ግን ኳስ ይዞም ሳይዝም እየሮጠ የተጋጣሚን ተከላካይ እረፍት ይነሳል። ኮች ያሰለፉት እሱን ነው።

የካቺሲው ልጅ በየሳምንቱ ልምምድ ሲያልቅ የልምምድ ምልክት ኮኖቹን ስሰበስብ አጠገቤ ይመጣል።

«ቲቸር፣ መቼ ነው?»

«ትንሽ ጠብቅ» እለዋለሁ።

ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወ። እሱ ዝም ሲል እኔ ቀለለኝ፤ ይህን ስጽፈው አሁንም ያሳፍረኛል። ለኮች ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

የኮሌጆች ውድድር የዚያን ዓመት አምቦ ላይ ተደረገ። በመክፈቻው ቀን ቡድኑ ሲያሟሙቅ ከሜዳው በላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች አየሁ። አባትየውና ወንድማቸው ነበሩ። ዋዜማውን መጥተው ዘመድ ቤት አድረዋል። እጄን አነሳሁ፤ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

ልጁ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደዚያ አቅጣጫ ፈጽሞ አላየም። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። የጉደሩ ልጅ አንድ ንጹሕ ዕድል አግኝቶ ወደ ሰማይ ልኮታል። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ወደ ኮች ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

«ኮች፣ የካቺሲው ልጅ አባት መጥተዋል።»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ይሰለፋል ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር።»

ኮች ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ለልጁ ነው ለአባቱ?»

«ለሁለቱም።»

ወደ ሜዳው ዞሩ። የጉደሩ ልጅ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

«ያም ልጅ አባት አለው» አሉ። «አባቱ ዛሬ ስላልመጣ ነው ከሜዳ የማስወጣው?»

ቅያሪ አላደረጉም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የጊንጪው ቀኝ ተከላካይ ከሩቅ የመታው ኳስ ገባና አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ባሕር ዛፉ ሥር የነበሩት ሁለት ሰዎችም አጨበጨቡ።

ተጫዋቾቹ ገና ሲተቃቀፉ ኮች ጉልበታቸውን እየጎተቱ ዳገቱን ወጡ። ተከተልኳቸው። ልጁም ከኋላዬ መጣ። ኮች አባትየውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ይሰለፋል ተብሎ ተነግሮዎት ነበር። የዚህ ቡድን ኃላፊ እኔ ነኝ፤ በቡድኑ ስም የተባለ ነገር ሁሉ የእኔ ቃል ነው። ቃሉ ትክክል አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አባትየው ኮችን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ «ገላቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑና ልጃቸውን ትከሻው ላይ ያዙት።

በማግስቱ ጠዋት የልጁ አልጋ ባዶ ነበር። የልምምድ ልብሱ ታጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

ኮች ስለ ነገሩ አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ልምምድ እንደ ወትሮው ቀጠለ። ሐሳቤን ይጠይቁኛል፣ ማሞቂያውን ያሠሩኛል፣ ተጫዋቾቹ ፊት «እሱ እንዳላችሁ አድርጉ» ይላሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ቢሯቸው ገብቼ ካቺሲ ልሄድ ነው አልኳቸው።

«ልጁን ለማምጣት ከሆነ አትሂድ» አሉኝ። «እውነቱን ለመናገር ከሆነ ሂድ።»

ስደርስ ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ነበር። አባትና ልጅ አውድማ ላይ ናቸው፤ በሬዎቹ እየዞሩ ይረግጣሉ፣ ልጁ ከኋላ ይነዳል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። አባትየው ግን «አካም ጂርታ፣ መምህር» ብለው እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀበሉኝ። መናገር ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«መጀመሪያ ይህን እንጨርስ። ነፋሱ ጥሩ ነው።»

መንሽ ሰጡኝ። ከሰዓቱን ገለባ ሳነሳ፣ እብቁ ዓይኔ ሲገባ፣ ስሳል ዋልኩ። እንዴት እንደሚያዝ ስላላወቅኩ እጄ ተላጠ። ልጁ አንድ ጊዜ መጥቶ ምንም ሳይናገር መንሹን አስተካክሎ አስያዘኝና ተመለሰ።

ሥራው ሲያልቅ ሦስታችን ገለባው ላይ ተቀመጥን።

«ያን ቀን ኮች ጥፋቱ የእኔ ነው ያሉት ውሸት ነው» አልኩ። «ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ቃል እንዳልሰጥ ኮች አስጠንቅቀውኝ ነበር። ልጅዎን ያኛው ሰውዬ እንዳይወስደው ብዬ ዋሸሁ። ከዚያም ሲጠይቀኝ ዝም አልኩት።»

አባትየው ኮታቸው ላይ ያረፈውን እብቅ አራገፉ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ሽማግሌው ሲናገሩ የሚያፍረው አንተ ነበርክ። ታዲያ አሁን ምን ልትለኝ መጣህ?»

«ይህንን ብቻ ነው። ትምህርቱ አልተዘጋበትም፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር መመለስ ይችላል። ልምምድም መግባት ይችላል። ስለመሰለፉ አላውቅም።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ?»

የልጁ መልስ ያልጠበቅኩት ነበር።

«እኔ አለመሰለፌ አይደለም ያስከፋኝ፣ ቲቸር። የጉደሩ ልጅ ከእኔ እንደሚሻል ከሁለት ሳምንት በኋላ ገብቶኛል። አባቴ ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሰው ልጅ ሲጫወት አይቶ ተመለሰ። አንተ ብትነግረኝ ኖሮ አትምጣ እለው ነበር።»

አባትየው ሳቅ አሉና «ጥሩ ጨዋታ ነበር እኮ» አሉ። «ያ አጭሩ ልጅ ሲሮጥ እኔንም ደከመኝ።» ልጁ ሳያስበው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ እብቁ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር ልጁ ተመለሰ። ሜዳው ጫፍ ቆሞ ኮችን ሲጠብቅ አየሁት። ኮች ንግግር አላደረጉም። «ኮኖቹን ደርድር፣ ዛሬ አምስት ለአምስት ነው» አሉት፤ ደረደረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ኳስ ሲነጠቅ መሮጥ ከጉደሩ ልጅ ተማረ፤ የጉደሩ ልጅ ደግሞ ኳስ በደረት ማብረድ ከእሱ ለመማር ሞክሮ አልተሳካለትም። በሚቀጥለው ዓመት የጉደሩ ልጅ ተመርቆ ስለወጣ የካቺሲው ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ኮች ግን ከአጥቂው ጀርባ አሰለፉት፤ ከዚያ ቦታ ሆኖ ጓደኞቹን ያጫውት ነበር። በውድድሩ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰን በፍጹም ቅጣት ምት ወጣን። ያን ቀን አባቱ አልመጡም፤ ጤፍ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር። ውጤቱን በስልክ የነገራቸው እሱ ራሱ ነው።

ልጁ አሁን ደንዲ ወረዳ ውስጥ፣ ከደንዲ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል። ክለብ አልገባም። አንድ ጊዜ ይቆጭሃል ወይ ብዬው «አልፎ አልፎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት» አለኝ።

ኮች ጡረታ ሲወጡ ቡድኑ ለእኔ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ሰሞን በየጨዋታው ዋዜማ እየደወልኩ ማንን ላሰልፍ ብዬ እጠይቃቸው ነበር። «እኔ ልምምዱን አላየሁም፤ ያየኸው አንተ ነህ» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። ከሦስተኛው በኋላ መደወል ተውኩ። የራሴ ረዳት በበኩሉ አንድ ከባድ ስሕተት ሠርቶ ዲኑ ቢሮ የተጠራሁ ቀን፣ «የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነኝ» የሚለውን ለመናገር ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚፈልግ አወቅኩ።

ባለፈው ዓመት ኮችን ጉደር ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ከወንዙ በተጠለፈ ውሃ ሽንኩርትና ቃሪያ ያለማሉ። መደቡ ዳር ቆመን ሳለ ስንት ዓመት ያስቀመጥኩትን ጥያቄ አነሳሁ። ያን ቀን አባትየው ፊት ስሜን ለምን አልጠሩም አልኳቸው።

ኮች አካፋቸውን ተደግፈው መለሱልኝ።

«ብጠራህ ልጆቹ ፊት ዳግመኛ መቆም አትችልም ነበር። እኔ ደግሞ ረዳት ያስፈልገኝ ነበር፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ደግሞም ሁለት ቀን ሙሉ ብቻህን የላክሁህ እኔ ነኝ። ወጣት ነበርክ። ልጁ ጥሩ ተጫዋች መሆኑን ሰምቼ ነበር። ምን ልትል እንደምትችል መገመት ነበረብኝ።»

ይህን እንዳሰቡት አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ወሬውን ጨርሰዋል፤ ውሃው የመጀመሪያውን መደብ ሞልቶ መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

«ያን አፈር ቁረጥልኝ፣ ወደ ታችኛው ይሂድ» አሉኝና አካፋውን ሰጡኝ።

ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ውስጥ ገባሁ።